ምልክት የሌለው አንሶላ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለልጄ ለጥያቄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና ማለቴ ካለፈው ሳምንት ጋር ስንተያይ ነው። የዚያ አገር ብርድ አጥንትሽን ሳይነካ፣ ክፉ ዓይን ሳያይሽ፣ ያሰብሽው ሞልቶልሽ በደስታ ያገናኘን።

ደብዳቤው የእናትሽ መስሎሽ ቸኩለሽ ከፍተሽው ይሆናል። መስመሩ ሲንጋደድብሽ የእኔ መሆኑ ይገባሻል። እናትሽ እጇን ትንሽ አሟት ነው እኔ የጻፍኩት። ስልክ ለምን አታነሱም እንዳትዪን ደግሞ፣ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ውሃ ገብቶበታል። ሩዝ ውስጥ ቅበሩት አሉን፣ ቀበርነው። ሩዙም ተበላሸ፣ ስልኩም አልተነሣ።

እኔ አሁን እናትሽ ቤት ነኝ። ለሁለት ቀን ብዬ አንድ ቅያሬ ይዤ መጥቼ ይኸው ሁለት ሳምንት አለፈኝ። የአክስቷ ልጅ ነሽ፣ ከእህት በላይ ሆንሽ ይሉኛል ጎረቤቶች። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሆቴል ላውንደሪ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ አንሶላ ስናጥፍ ኖረን ማን ከማን እንደተወለደ ከረሳነው ቆየን።

አጎትሽ ሊቀመንበሩም ይመላለሳል። ጡረታ ቢወጣም ስብሰባው አልወጣለትም፤ ገና ደጃፍ ላይ ቆሞ «የመጀመሪያው አጀንዳ» ይላል። አጀንዳው አንድ ነው፦ እናትሽን ወደ ራሱ ቤት፣ ወደዚያ የአሥር ሰዓት መንገድ ወስዶ ሊያኖራት። እሷ ግን ከቤቷ መውጣት አትፈልግም። አትፈልግም ነው የምልሽ።

ገንዘብ እንዳትልኪ፣ አለን። ይልቅ የምትማሪውን ንገሪኝ። ሰው ሲጠይቀኝ «ኮምፒዩተር» ብዬ አፌን እዘጋለሁ። አንዴ «ዘንድሮ ስለ ቋንቋ ነው» ብለሽ ነበር። ኮምፒዩተርንና ቋንቋን ምን አገናኛቸው? መቼም ስምሽን ያወጣንልሽ ጥያቄ ስለምታበዢ ነው፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

ሁሌ የምታስብሽ አክስትሽ

ኅዳር 2

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤናዎን እንዴት ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ እናቴን ስለሚጠብቁልኝ ውለታዎን ከፋይ ያድርገኝ።

ስለ ትምህርቴ ስለጠየቁኝ ደስ አለኝ፤ እዚህ ማንም አይጠይቀኝም። ይህ የቋንቋ ኮርስ ባለፈው ዓመት የወደቅሁበት ነው። ሰኔ ላይ ደግሜ ከወደቅሁ ያሰናብቱኛል።

በእኛ ትምህርት አንድ ነገር ቋንቋ ለመባል መነጋገሪያ መሆን የለበትም። መጀመሪያ ጥቂት ምልክቶች ይመረጣሉ፣ ፊደሉ እሱ ነው። ሁለት ምልክት ብቻ ቢሆን ይበቃል። ምልክቶቹ በተርታ ሲደረደሩ ቃል ይባላሉ። ሊደረደሩ ከሚችሉት ቃላት ሁሉ የተወሰኑት ይገባሉ፣ የቀሩት ውጭ ይቀራሉ። የገቡት ስብስብ ቋንቋ ነው። አለቀ። ምን ማለት እንደሆኑ አይጠየቅም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ቃል አለበት ወይስ የለበትም?

እኔን እረፍት የነሣኝ ይኸው ነው። ትርጉም የሌለውን እንዴት ቋንቋ እላለሁ? ክፍሌ ከአልጋው እስከ መስኮቱ አራት እርምጃ ነች። እያሰብኩ ስመላለስባት ወለሉ ይጮሃል፣ ከታች ያለችው ሴትዮ በመጥረጊያ እንጨት ጣራዋን ትደበድባለች። ቁጭ እላለሁ፣ መልሼ ብድግ እላለሁ፤ እሷም መልሳ ትደበድባለች።

እናቴን የትኛው እጇን ነው ያመማት? ቀኙ ከሆነ በግራዋም ቢሆን ስሟን ትጫርልኝ። ከደብዳቤዎ ሥር ነጩን ቦታ ሳይ ቅር አለኝ።

አክባሪዎ ልጅዎ

ኅዳር 20

ይድረስ ለልጄ ለጥያቄ፤

ደብዳቤሽ ደረሰን፣ እጅሽ ይባረክ፤ የምትረግጪው መሬት ሁሉ ይቅናሽ። ለዚያች ለታችኛዋ ሴትዮም ትዕግሥቱን ይስጣት።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ትርጉም የሌለው ቋንቋማ የሊቀመንበሩ ስብሰባ ነው፣ ለዚያ ባሕር መሻገር አያስፈልግም ብዬ። ኋላ ልብስ እያጠፍኩ ሳለ እጄ ቆመ።

አንቺ ልጅ ስለነበርሽ አታስታውሺ ይሆናል። እናትሽ ሆቴሉ ውስጥ ሥራዋ ምልክት መስፋት ነበር። በየአንሶላው ጥግ፣ በቀይ ክር፣ ሁለት ዓይነት ስፌት ብቻ፦ መስቀልና ጭረት። በመስቀል ይከፈታል፣ በመስቀል ይዘጋል፣ በመሀል ጭረት። ሁለት መስቀል ጎን ለጎን አይቆምም። እንዲህ ነው፦ ×||×|||×። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ ክፍል። እኔ ግን ፎቁ ምኔ ነው? ፎቁን አልጋ አንጣፊዎቹ ይወቁት። እኔ በዚያ እንፋሎት ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ጥጉን በጣቴ እዳስሳለሁ። ልክ ከሆነ ወደ ቀኝ። ክሩ ተበጥሶ ሳይዘጋ ከቀረ ወደ ግራ፣ ወደ ተመላሽ ቅርጫት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ! ታዲያ አለበት፣ የለበትም ስል አልነበረም የኖርኩት? ደሞዙን ግን የአንቺን አስተማሪ ያህል አልከፈሉኝም።

አሁን ሁለት ነገር ቶሎ መልሺልኝ። አንደኛ፣ ምልክቶቹንና ሕጉን የሚያወጣው ማነው? ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ቢስማሙ ይሆናል ወይስ ትልቅ ሰው ማጽደቅ አለበት? ሁለተኛ፣ ምንም ያልተጻፈበት ቃል አለ? ሰው ዝም ሲል ማለቴ ነው። ለምን ጠየቅሽ እንዳትዪኝ፤ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ይመራመራል።

እናትሽን ያመማት ቀኙን ነው። ግራውን ለሌላ ነገር ስለምትጠቀምበት አላስቸገርኳትም፣ አሁን ደግሞ ተኝታለች። ሊቀመንበሩ ወረቀት ማሰባሰብ ጀምሯል። የምን ወረቀት ነው ብለው «ሲደርስ ታዪዋለሽ» አለኝ። አላማረኝም።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 25

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅልኝ። የአጋማሹ ፈተና ይዞኝ ነው የዘገየሁት፤ አልፌዋለሁ። ያለፍኩትም በእርስዎ አንሶላ ነው።

መምህራችን አጭር ሰውዬ ናቸው፣ እጃቸው ከጠመኔ ብናኝ ጠርቶ አያውቅም። ምሳሌ አምጡ ሲሉን የእርስዎን ጠረጴዛ ተረክኩላቸው። ቆመው አዳመጡኝና «አክስትሽ እኮ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የምስልላችሁ ማሽን ናት» አሉ። ስድብ አይደለም። ቃል ተቀብሎ አለበት ወይም የለበትም የሚል ማሽን ማለታቸው ነው። ፎቁን አላውቅም ያሉት ነገር ነው እኔን የገላገለኝ። ትርጉሙ የአልጋ አንጣፊዎቹ ጉዳይ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚያስፈልገው ሕጉ ብቻ ነው።

ጥያቄዎችዎን ልመልስ። ሁለት ሰዎች ከተስማሙ በቂ ነው፣ ማንም ማጽደቅ የለበትም። ሕጉ ግን ቁርጥ ያለ ይሁን፤ ሦስተኛ ሰው ቢይዘው ያው ፍርድ ላይ መድረስ አለበት። ሁለተኛው፣ አዎ አለ። ባዶ ቃል ይባላል። አንድም ምልክት የለበትም፣ ግን ቃል ነው። በአንዱ ቋንቋ ይገባል፣ በሌላው አይገባም፣ ሕጉ ይወስነዋል። ደግሞ ባዶ ቃል ያለበት ቋንቋና ምንም ቃል የሌለበት ቋንቋ አንድ አይደሉም። አንድ ምልክት የሌለው አንሶላ የተቀመጠበት መደርደሪያና ባዶ መደርደሪያ አንድ እንዳልሆኑት።

አሁን የእኔ ተራ ነው አክስቴ። ጥቅምት ላይ እጇን ትንሽ አሟት ነበር። ኅዳር ላይ ተኝታ ነበር። ግራ እጇን የምትጠቀምበት «ሌላ ነገር» ምንድነው? ሦስት ወር የማይደርቅ ስልክ አለ? አጎቴ የሚሰበስቡት ወረቀት የምን ነው? ከደብዳቤዎ ሥር ያለው ነጭ ቦታ ከጻፉት ሁሉ ይበልጥ ያስፈራኛል።

ልጅዎ

ጥር 30

ይድረስ ለልጄ፤

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ለአራተኛው ብርታቱን ይስጠኝ፤ ለአንቺም የምትሰሚበትን ልብ ይስጥሽ።

እናትሽን መስከረም መጨረሻ ላይ ስትሮክ መታት። ካውያውን እንደያዘች ወደቀች። ነፍሷ ተርፋለች። ትበላለች፣ ታያለች፣ ትሰማለች። ቀኝ ጎኗና አንደበቷ ግን እምቢ ብለዋል፣ አንድ ቃል አይወጣትም። ስልኩ ምንም አልሆነም፤ ባነሣው ድምፅዋን አሰሚኝ እንደምትዪ ስለማውቅ ነው። ለፈተናሽ ብለን ነው የደበቅንሽ። እኔና ሊቀመንበሩ በሕይወታችን የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው። ፍረጂብን።

ሌላም ያልነገርኩሽ አለ። ከወደቀች ጀምሮ በግራ እጇ ብርድ ልብሱን ትጭር ነበር። ሐኪሙ «ነርቭ ነው» አለ፣ እኛም ነርቭ አልን። አንድ ቀን አንሶላ ስቀይርላት ያነጠፍኩት ሆቴሉ አርጅቶ ከሰጠን አንዱን ነበር። የጥጉ ምልክት መዝጊያ ክሩ ተበጥሶ ×||×||| ብቻ ቀርቷል። እናትሽ ጥጉን ያዘችና አልለቅም አለች። ልቀቂው እላለሁ፣ ትጎትታለች። ከዚያ ከመጨረሻው ጭረት ጎን በጥፍሯ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ አቋርጣ ጫረች። መስቀል! ዘጋችው እኮ! አልጋው ላይ ዘፍ አልኩ፤ ለጥቂት እሷው ላይ አልተቀመጥኩም።

ያን ዕለት ጀመርን። ×|× እሺ ነው። ×||× እምቢ። ×|||× ውሃ። ዛሬ አሥራ አራት ቃል አለን። ሕጉ ያው የላውንደሪው ነው። እኔ ተሳስቼ ብጽፍ በመዳፏ ገፍታ ትጥለዋለች፣ ልክ እንደ ድሮዋ «ተመላሽ!» የምትለኝ ነው የሚመስለኝ። ደብዳቤዎችሽን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። «ለልጅሽ ልንገራት?» ስላት ግን ምንም አትጽፍም። እጇን ዘርግታ ዝም ነው። ስለ ዝምታ የጠየቅሁሽ ለዚህ ነበር።

ሊቀመንበሩ ፍርድ ቤት ገብቷል። «እህቴ ቋንቋ የላትም፣ ስለ ራሷ መወሰን አትችልም፣ ሞግዚቷ ልሁን» ነው የሚለው። ከተፈቀደለት በማግስቱ ይወስዳታል። ክፉ ሆኖ አይደለም። «አንቺ ስትደክሚ ማን ያነሣታል?» ይለኛል፣ እውነት አለው። እኔ ግን «ከእሱ ጋር ትሄጃለሽ?» ስላት ×||×። ደግሜ ስጠይቅ ×||×። እሱ ፊት አስጻፍኳት። «መንቀጥቀጥ ነው፣ ቃሉን የምትፈጥሪላት አንቺ ነሽ» አለኝ።

ቀጠሮው መጋቢት 12 ነው። ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ሴት ለዳኛ ምን ብዬ ነው ይህ ቋንቋ ነው የምለው? ትምህርትሽን ላኪልኝ።

አክስትሽ

የካቲት 14

አክስቴ፤

ሰላምታ የለኝም ዛሬ። በእናቴ ጉዳይ እኔ ባዳ ነኝ? አምስት ወር ሙሉ እሷ አልጋ ላይ ወድቃ እኔ ስለ አንሶላ ጨዋታ ነው የያዝነው ብዬ ስስቅ ነበር። ፈተናው ገደል ይግባ፣ ቲኬት ጠይቄያለሁ።

ይህን ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት በማግስቱ ነው። አራቱን እርምጃ ስመላለስባቸው ውዬ የታችኛዋ ሴትዮ መጥረጊያዋ ተሰበረ መሰለኝ ዝም አለች።

ቋንቋ ነው ብለው ከዳኛው ጋር አይከራከሩ። ያሳዩ። ሕጉን በወረቀት ጽፈው ለዳኛው ይስጡ። አጎቴ ራሳቸው፣ እርስዎ ሳያዩ፣ ልክ የሆኑና ልክ ያልሆኑ ቃላት በቁራጭ ወረቀት ይጻፉ። እርስዎ ፊትዎን ያዙሩ። እናቴ እንደ ጠረጴዛው ሥራ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ትለያቸው። መንቀጥቀጥ አለበትንና የለበትን አይለይም። ከለየች ቋንቋው ያለው በእሷ ውስጥ ነው፣ በእርስዎ አይደለም።

እሷንም አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ልምጣ ወይስ ልቅር? በራሷ እጅ ትመልስልኝ። የእርስዎን ጽሑፍ አላምንም።

መጋቢት 19

ይድረስ ለልጄ ለጥያቄ፤

ጽሑፌን ባታምኚም ሰላምታዬን አትመልሺብኝ። የተቆጣ አንጀትሽን ያርስልኝ፣ በደህና ያቆይሽ።

ዳኛዋ ሴት ናቸው፤ ቢሯቸው ጠባብ ነች፣ በፋይል ታጭቃለች። ተሽከርካሪ ወንበሩ በበሩ አልገባ ብሎ እኔና ሊቀመንበሩ በሁለት ወገን አንሥተን አስገባናት። ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ተሸክመው ሲገቡ አስቢው። ዳኛዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይፈልጉታል። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «የመጀመሪያው አጀንዳ...» ሲል «አባቴ፣ እዚህ አጀንዳ የምናወጣው እኛ ነን» አሉት። ጸሐፊው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ያልሽውን ሁሉ አደረግሁ። ሕጉን በሦስት መስመር ጽፌ ሰጠኋቸው፦ በመስቀል ይከፈታል፣ በመስቀል ይዘጋል፣ ሁለት መስቀል አይጣበቅም። ሊቀመንበሩ መስኮቱ ጋ ሄዶ ሃያ ቁራጭ ጻፈ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ፊቴ ላይ ያለው ያለፈው ዓመት ቀን መቁጠሪያ ነው። ከኋላዬ የወረቀት ድምፅ ብቻ እሰማለሁ፦ ወደ ቀኝ ሽርር፣ ወደ ግራ ሽርር። እጄ ሳላዝዘው አብሮ ይሄዳል። ያ የእናትሽ የሥራ ፍጥነት ነው፣ ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ።

ሲያልቅ ዳኛዋ አንድ በአንድ ከሕጉ ጋር አስተያዩት። አሥራ ዘጠኙ ልክ ነው። ሃያኛውን አንሥተው ፊትና ጀርባውን አገላበጡት። ሊቀመንበሩ ምንም ያልጻፈበት ነጭ ቁራጭ ከትቶ ኖሯል። እናትሽ ደግሞ ልክ ነው ብላ ወደ ቀኝ አድርጋዋለች። በእኔ ሕግ ያልተከፈተና ያልተዘጋ አይገባም።

«አንዱን ስታለች» አለ ጸሐፊው። ዳኛዋ ቁራጩን ወደ ግራ አዛወሩት። እናትሽ በመዳፏ ጠረጴዛውን ጠፈጠፈች፣ ነጩን ጎተተችና ወደ ቀኝ መለሰች። አሁንም አዛወሩ፣ አሁንም መለሰች። ይህን ሁሉ መጥተን በአንድ ነጭ ወረቀት ልንሸነፍ ነው አልኩ።

ያን ጊዜ ያንቺ ነገር መጣልኝ። ባዶ ቃል ይገባ እንደሆነ ሕጉ ይወስነዋል ብለሽኛል። ሕጉን ማን ጻፈው? እኔ፣ ከጭንቅላቴ። ምን አስቀርቼ ይሆን ስል ትዝ አለኝ! ላውንደሪው ውስጥ ምልክት የሌለው አንሶላ ተመላሽ ቅርጫት ገብቶ አያውቅም። የሠራተኛ ክፍል አንሶላ ነበር፣ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ያን ያወጣችው እሷ ራሷ ነች፣ ገና በገባች ዓመት፣ ለእኛ ክር አናባክን ብላ። እኔ ሰነፏ ሳልጽፈው ቀርቻለሁ። «ስሕተቱ የእኔ ነው እንጂ የእሷ አይደለም» ብዬ አወጣሁት።

«ድሮም ነበረ ወይስ አሁን አሰቡት?» አሉኝ ዳኛዋ። ጥያቄው ጥያቄ ነው። ላውንደሪው ተዘግቷል፣ ምስክር ከየት ላምጣ?

ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አወለቀ። ወለሉን እያየ «ምልክት የሌለው የኛ ነው» አለ።

«ምን አሉ አባቴ?»

«ሥራ ፍለጋ መጀመሪያ እሷ ዘንድ ስመጣ መሬት ላይ አነጠፈችልኝ። የሆቴል አንሶላ ነው፣ ሌባ ታሰኚኛለሽ አልኳት። ጥጉን ገልጣ አሳየችኝ። ‹አትፍራ፣ ምልክት የሌለው የኛ ነው› አለችኝ።» ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቀጠለ። «ነጩን ላስታት ብዬ ነው የጨመርኩት። ልክ ነች።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። እናትሽ በደህናው እጇ ክንዱን ያዘችው።

ዳኛዋ የሞግዚትነቱን ጥያቄ አልተቀበሉም። እናትሽ ቤቷ ነች። ሊቀመንበሩ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ እኔን ሊያሳርፈኝ ቃል ገብቶ ምልክቱን መማር ጀምሯል። መስቀል ከመስቀል ያጣብቅባታል፣ እሷም ትጥልበታለች። አንድም ስብሰባ ላይ እንዲህ ተቃውመውት አያውቁም።

አሁን አሁን የሚያብሰለስለኝ ያ ዝምታዋ ነው። ለልጅሽ ልንገራት ስላት እጇን የዘረጋችው፣ ለካ ዝም አላለችኝም። የኛ ነው ነው ያለችኝ። ግን ከእኛ አይውጣ ማለቷ ነው ወይስ ልጅቷም የኛ ናት፣ ንገሪያት? ጠየቅኋት። በግማሽ ፊቷ ሳቀችብኝ። እኔ በመጀመሪያው ሄጄ በድዬሽ ከሆነ ይቅር በዪኝ።

ጥያቄሽን አንብቤላታለሁ። እነዚህ የእጇ ናቸው፣ ስለተንጋደዱ አትፍረጂ፦

ፈተናውን ትታ ትምጣ? ×||×

ፈተናውን ጨርሳ ትምጣ? ×|×

ከዚያ የራስሽን ቃል ጨምሪላት ብዬ ብዕሩን ተውኩላት። ወረቀቱን ብዙ አየችው። ብዕሩን አስቀመጠችና የወረቀቱን ግርጌ በመዳፏ ዳበሰችው፣ ከካውያ የወጣ አንሶላ እንደምትዳብስ። ከዚያ እጠፊው አለችኝ በዓይኗ።

አክስትሽ ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን ነጭ ቦታ እኔ አልነካሁትም። የእሷ ነው።